ከግድግዳው በወዲያ በኩል

የምታነቡበትን ጊዜ የማያስቆጫችሁ ታሪክ ይዤ መጥቻለሁ። ረጅም አይደለም፤ አንድ ብርጭቆ ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ ያልቃል። ግን ቃሌ ነው፤ ከዛሬ በኋላ ቤታችሁን ቀለም ለማስቀባት ባሰባችሁ ቁጥር አንድ አጭር ሽማግሌ ፊታችሁ ይቆማሉ። ደስ የሚል ታሪክ ነው ብዬ ግን አልዋሻችሁም። እንደ ሬት የመረረ ነው።

ዙሪያዋ በግንብ በታጠረች አንዲት ጥንታዊ ከተማ አው ሺሃብ የሚባሉ አዛውንት ይኖሩ ነበር። «አው» በዚያ አገር ለታላቅ ሰው የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው፤ አባታችን እንደማለት። አው ሺሃብ አርባ ዓመት ጨርቅ ሸጠዋል። በዚያ ዘመን ጨርቅ የሚለካው በሻጩ ክንድ ነበር። እሳቸው ደግሞ ክንዳቸው አጭር ነው። ስለዚህ በየክንዱ ላይ አራት ጣት እየጨመሩ ይቆርጡ ነበር። «አላህ አጭር አድርጎ የፈጠረው እኔን ነው፤ ገዢውን ምን አገባው?» ይሉ ነበር ይባላል። ሰውየውን ለማወቅ ይህ ይበቃል፤ ወደ ግድግዳው እንሂድ።

የዚያች ከተማ ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ነው የቆሙት። አንዱ ግድግዳ ለሁለት ቤት ያገለግላል፤ በዚህ በኩል የእኔ ነው፣ በዚያ በኩል የጎረቤቴ። ይህን ያዙልኝ፣ ታሪኩ ሁሉ የቆመው እዚህ ላይ ነው።

ሌላም ያዙልኝ። ሴት ልጅ ስትዳር ከሠርጉ አንድ ሳምንት በፊት የወንዱ ወገን ሴቶች መጥተው የሙሽራዋን ቤት ያያሉ። «ግድግዳ ማየት» ይባላል። የሚታየው ከበሩ ትይዩ ያለው የትልቁ ክፍል ግድግዳ ነው። ሙሽራዋ ከልጅነቷ ጀምሮ የሰፋቻቸው የሣር ስፌቶች በሙሉ እዚያ ላይ ይሰቀላሉ፤ ከሥራቸው ያለው ቅብ ደግሞ አዲስ መሆን አለበት። የልጅቷ ሙያ በስፌቱ፣ የአባትየው ክብር በቅቡ ይለካል።

አው ሺሃብ አንዲት ልጅ ብቻ ነበረቻቸው፤ ማርዲያ። እናቷ፣ እሷ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት፣ ሞታባታለች። ማርዲያ ሃያ ሁለት ስፌት ሰፍታ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ቀኗን ትጠብቅ ነበር። ቀኑም ተቆረጠ፤ አርባ ቀን ቀረው።

አሁን የአው ሺሃብን ዕቅድ ልንገራችሁ፤ ከዚህ የተሻለ የቤት ማስቀባት ዕቅድ እስካሁን አላየሁም። መጀመሪያ ግድግዳዎቹን ሁሉ በክንዳቸው ለኩ፤ በዚህም ላይ አራት ጣት እየጨመሩ። ከዚያ በሩንና በግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩትን የዕቃ ማስቀመጫዎች ቀነሱ፤ የማይቀባ ቦታ ቀለም አይበላማ። ሁለት ዓመት ያጠራቀሙትን ገንዘብ በአንድ መሐረብ አራት ቦታ ቋጠሩት። አንዱ ቋጠሮ ለቀለም፣ አንዱ ለቀቢው፣ አንዱ ለመፋቂያና ለልስን። አራተኛው ትንሿ ነበረች። «ይቺስ አባ?» አለች ማርዲያ። «ይቺ አላህ ለሚያውቀው ነገር ናት» አሏት። የተማሩ ሰዎች መጠባበቂያ የሚሉት እሱን ነው። ያለ አራተኛ ቋጠሮ ቤት ማስቀባት አይጀመርም፤ አሮጌ ግድግዳ ሲነካ ምን እንደሚወጣበት ማንም አያውቅም።

ቀቢው ጀቢር ይባላል። ታሪኩን ለሰው ያወራው እሱ ነው። የቆርቆሮ ዘይት ቀለም ወደ ከተማዋ ገና መግባቱ ነበር፤ ድሮ ሁሉም የሚቀባው ኖራ ነበር። ዘይት ቀለም ያብረቀርቃል፣ በጨርቅ ይወለወላል፣ ሰው ሁሉ አብዶለታል። አው ሺሃብም የቀለሙን ቋጠሮ የቋጠሩት ለእሱ ነው።

ጀቢር ገባ፤ ሦስቱን ግድግዳ በዓይኑ አይቶ አለፈ። አራተኛው ጋ፣ ማለት ከበሩ ትይዩ ያለው ጋ፣ ሲደርስ መዳፉን ለጥፎ ቆመ። በጥፍሩ ጫር አደረገው። ልስኑ እንደ እርጥብ ዳቦ ወረደ።

«አው ሺሃብ፣ ይህ ግድግዳ ውሃ ይጠጣል።»

«ከየት?»

ጀቢር ወጣ፣ ግቢውን ዞረ፣ ተመለሰ። «ከርስዎ። በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት ታጥበው ውዱእ ያደርጋሉ፤ ውሃው የሚወርድበት የድንጋይ ቦይ ከመሬት በታች ተሰንጥቋል። ስንት ዓመት ሆኖታል መሰለዎት! ግድግዳው ከሥሩ እየሳበ ነው።»

«መላ አለው?»

«ቀላል ነው። ዘይት ቀለም ሁለት እጅ እመታዋለሁ። ዘይት ውሃ አያሳልፍም፤ በርስዎ በኩል እንደ መስታወት ያበራል። ስፌቱ ይሰቀላል፣ ሴቶቹ አይተው እልል ይላሉ።»

«ውሃውስ?»

«ውሃውማ ይዞራል።» ጀቢር በአውራ ጣቱ ወደ ግድግዳው ማዶ አመለከተ። «በዚህ ከተዘጋበት በዚያ ይወጣል። ክረምት ሲመጣ የዚያ ሰውዬ መኝታ ቤት ሻጋታ ያበቅላል። የጣራዬ ነው ብሎ ጣራውን ሲያስጠግን ይኖራታል።» ከዚያ ሳቀ። «እንኳን ደስ ያለዎት! አላህ ፍርድዎን በቆርቆሮ አሽጎ ላከልዎ እኮ!»

ለምን እንዲህ እንዳለ ላስረዳችሁ። በግድግዳው ማዶ የሚኖረው ዑመርዲን ይባላል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በሁለቱ ግቢ መሃል ያለችውን የአው ሺሃብን ሦስት ክንድ መሬት «የአያቴ ናት» ብሎ ቃዲ ፊት አቆማቸው። ሁለት ምስክር አመጣ። ሁለቱም ማሉ፤ ሁለቱም ዋሹ። ቃዲው በምስክር ፈረደ፤ በሌላ በምን ይፍረድ? አው ሺሃብ ግን «አልተቀበልኩም» ብለው በመዝገብ አስጽፈው ወጡ። አንድ ቀን ከምስክሮቹ አንዱ አላህን ፈርቶ እውነቱን ቢናገር መሬቷ ትመለስ ነበር። ያቺ ተስፋ በመዝገቡ ውስጥ ነበረች።

ጀቢርም ይህን ያውቃል። ከተማው ሁሉ ያውቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ታሪኩን ሲያወራ «አው ሺሃብ ወዲያው እምቢ አሉ» ይላል። አላሉም። «ነገ ና» ነው ያሉት። በኋላ ራሳቸው ለጀቢር ነግረውታል፦ «ያን ቀን ዙህርንም ዐስርንም ስሰግድ ልቤ ግድግዳው ጋ ነበር። የዑመርዲን ፍራሽ ሲሻግት በዓይነ ኅሊናዬ አየሁ፤ ጣፈጠኝ። ልዋሽህ አልችልም ጀቢር፣ ጣፈጠኝ። ከዚያ ለመግሪብ ውዱእ ላደርግ ተነሣሁ። እግሬን ሳጥብ ውሃው ሲወርድ ሰማሁት። የማጥበው ለሶላት ነው፤ የሚሄደው ሰው ቤት ለማፍረስ ነው። እግሬን አጥቤ ሳልጨርስ አቆምኩ።»

በማግሥቱ ጀቢር ሲመጣ «ቦዩን እንቆፍራለን» አሉት።

«አው ሺሃብ! ተቆፍሮ፣ ተጠግኖ፣ ግድግዳው ተፍቆ እስኪደርቅ ከሦስት ወር በላይ ይፈልጋል። ሠርጉ በአርባ ቀን ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ገንዘቡስ? ቋጠሮው ሁሉ ቦይ ውስጥ ነው የሚገባው።»

«አራተኛዋን እናስቀድማት።»

«አራተኛዋማ ለአካፋ ኪራይ እንኳ አትበቃም!»

ከዚህ ሁሉ የባሰ አንድ ነገር ነበር። ቦዩ የሚያልፈው በዚያች በተወሰደችው ሦስት ክንድ መሬት ሥር ነው። የዑመርዲንን ግድግዳ ለማዳን የዑመርዲን ፈቃድ ያስፈልጋል።

አው ሺሃብ በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን በር አንኳኩ። ጀቢር ከኋላቸው ቆሞ ነበር።

«አሰላሙ ዐለይኩም ዑመርዲን።»

«ወዐለይኩም።» ሙሉውን እንኳ አልመለሰም።

«የውዱእ ውሃዬ መውረጃ ተሰንጥቋል። ቦዩ በዚያች መሬት ሥር ነው የሚያልፈው። አሥር ቀን እንድቆፍር ፍቀድልኝ፤ መልሼ እደለድላታለሁ።»

«በየትኛዋ መሬት?»

«ታውቃታለህ።»

«አላውቃትም። የማን መሬት? ጥራታ!»

አው ሺሃብ «ውሃው ዛሬ በኔ በኩል ነው» አሉ፤ «እኔ ዘይት ቀለም ብቀባ ግን ወዳንተ ይዞራል። ያን እንዳላደርግ ነው የምቆፍረው።»

«ታስፈራራኛለህ?»

«እየነገርኩህ ነው።»

«ስማ ሺሃብ፣ የኔ ግድግዳ እንደ አጥንት ደረቅ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ስታኮርፈኝ ከርመህ ዛሬ ለኔ ፍራሽ አዘንክ? ሞኝህን ፈልግ። ቁፋሮ ብለህ ገብተህ ድንበር ልትተክል ነው።» ትንሽ አሰበ። «እሺ፣ ቆፍር። ግን በሁለት ሽማግሌ ፊት ፈርም። ‹መሬቷ የዑመርዲን ናት፤ የኔ ሆና አታውቅም› ብለህ።»

ጀቢር ይህን ሲያወራ የአው ሺሃብን መልስ ሁልጊዜ ቃል በቃል ይደግመዋል አሉ።

«‹የኔ ሆና አታውቅም› ብዬ አልፈርምም» አሉ አው ሺሃብ። «እሱ ውሸት ነው። ‹ለዑመርዲን ትቼለታለሁ› ብዬ እፈርማለሁ።»

«ለኔ አንድ ነው።»

«ለኔ አንድ አይደለም።»

ፈረሙ። የአሥራ አንድ ዓመቷ ተስፋ በአንድ መስመር ቀለም ጠፋች። ዑመርዲን ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ሲከት «ጉድጓዱን ክፍት ትተህ ዶሮዬ እንዳይገባበት» አለ። ምስጋናው ይኸው ነበር።

ተቆፈረ። ቦዩ በአዲስ ድንጋይና በኖራ ጭቃ ተገጠመ፤ ምንጩ ተዘጋ። ግድግዳው እስከ ድንጋዩ ተፋቀ። ጀቢር ከራሱ ዋጋ ግማሹን ቢተውም ቋጠሮዎቹ ሁሉ ተፈቱ። በተረፈው ሳንቲም ሦስቱን ግድግዳ በኖራ ቀባቸው፤ ዘይት ቀለሙ ቀረ። አራተኛው ግን ራቁቱን ቆመ፤ ጥቁር፣ እርጥብ፣ ድንጋዩ ያገጠጠ። ለምን በኖራ አልሸፈኑትም ለምትሉ፦ ኖራ እርጥብ ግድግዳ ላይ ቢቀባ በሳምንቱ ቢጫ እድፍ አውጥቶ ይላጣል። ስፌትም ቢሰቀልበት ሣሩ ይበሰብሳል። ከልጅነት ጀምሮ የተሠራ የእጅ ሥራ በአንድ ክረምት ይጠፋል ማለት ነው።

ማርዲያ ከአባቷ ሱቅ የተረፈ አንድ ጣቃ ጨርቅ አውጥታ ግድግዳው ላይ ጋረደችው። ስፌቶቿን ከጨርቁ ፊት ወለል ላይ ደረደረች። «ሠርጉን ትንሽ እንዲገፉት እለምናቸዋለሁ» አሏት አው ሺሃብ። «እሺ አባ» አለች።

ግድግዳ የሚያዩት ሴቶች በቀናቸው መጡ። መሪያቸው የሙሽራው አክስት ሐጃ ፈትሒያ ነበሩ፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ምላሳቸው ሰው የሚፈራው። ገብተው ወለሉን አዩ።

«ምነው ልጄ፣ ስፌቱን እንደ ሽንኩርት መሬት ላይ ዘረገፍሽው? ልትሸጪልን ነው?»

ሴቶቹ ሳቁ። ማርዲያም አብራቸው ሳቀች።

ሐጃ ፈትሒያ ሄደው የጨርቁን ጫፍ ገለጡት። ሳቁ ቆመ።

«ላ ኢላሀ ኢለላህ! ሙሽራ የምናወጣው ከቤት ነው ከዋሻ?»

አው ሺሃብ ከበሩ ሆነው «ሐጃ፣ ግድግዳው እየደረቀ ነው» አሉ። «ሦስት ወር ስጡን፤ ከዚያ ንጹሕ ኖራ ይቀባል።»

«ከተማው ሁሉ በሳምንት ዘይት ቀለም ያስቀባል፤ የኛ ልጅ ብቻ ግድግዳ እስኪደርቅ ይጠብቅ?»

«ዘይት ብቀባ እርጥበቱ ወደ ጎረቤቴ ይዞራል።»

«ወደ ማን? ወደ ዑመርዲን?» እንደገና ሳቁ፤ አሁን ግን ሳቃቸው ሌላ ነበር። «መሬትዎን ለበላ ሰው ብለው ልጅዎን በስድስት ሴት ፊት አዋረዱ? አው ሺሃብ፣ ደግነትም ልክ አለው። ከልክ ሲያልፍ ለሌላው ጭካኔ ይሆናል።»

ይህን ቃል እንዳታልፉት። ሐጃ ፈትሒያ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግማሽ እውነት ነው የተናገሩት። መራራው ግማሽ እውነት ነው፤ ሙሉ ውሸትማ ተፍተውት ይሄዳሉ።

በሦስተኛው ቀን ኒካሑ፣ የጋብቻ ውሉ፣ ቀርቷል የሚል መልእክት መጣ። ማርዲያ ስፌቶቿን አንድ በአንድ በነጩ ጨርቅ መልሳ ጠቀለለች። ጀቢር የተረፈውን ኖራ ሊወስድ መጥቶ ስለነበር የተናገረችውን በጆሮው ሰምቷል።

«አባ፣ አንተ ለአላህ ብለህ ነው ያደረግኸው። አውቃለሁ። የከፈልኩት ግን እኔ ነኝ። ሳታማክረኝ።»

አው ሺሃብ «እውነትሽን ነው» አሉ። «ቦዩን እቆፍር ነበር። ግን አስቀድሜ ካንቺ ጋር መቀመጥ ነበረብኝ። ያንን ሳላቅድ ቀረሁ።»

ግድግዳውን በክንድ የለኩ፣ ገንዘቡን በአራት የቋጠሩ ሰው፣ ልጃቸውን መጠየቅን ዕቅዳቸው ውስጥ አላስገቡም። ታሪኩን ለማሳመር ይህን መቁረጥ እችል ነበር። አልቆረጥኩትም፤ ደጋግ ሰዎችም የሚሳሳቱበት ቦታ እንዳላቸው ማወቅ ይጠቅመናል። ማርዲያ ከአራት ዓመት በኋላ ሌላ ከተማ ያለ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው አግብታ ሄደች። ስፌቶቹ እንደተጠቀለሉ አብረዋት ሄዱ። በአባቷ ግድግዳ ላይ አንድ ቀን እንኳ አልተሰቀሉም።

አሁን መጨረሻው።

ሦስት ወሩ ሲሞላ አራተኛው ግድግዳ በላዩ ደርቆ ጀቢር በነፃ ኖራ ቀባው። ነጭ፣ ጥርት ያለ፣ ሲያዩት ዓይን የሚያሳርፍ። ማንም ሊያየው ግን አልመጣም። ወዲያው የዒድ አል-አድሓ በዓል ደረሰ፤ ዑመርዲንም ቤቱን ማስቀባት ፈለገ። ጀቢርን ጠራው። ዘይት ቀለም፣ ሁለት እጅ።

«ይህን ግድግዳ ተወው» አለው ጀቢር። «ውስጡ ገና የዓመታት ውሃ አለ፤ በሁለቱም በኩል ቀስ እያለ እየወጣ ነው። አንተ በዘይት ከዘጋኸው ሁሉም ወደ አው ሺሃብ ይዞራል።»

«ወዲያኛው በኩል የራሱ ጉዳይ ነው» አለ ዑመርዲን። «አንተ ቀቢ ነህ ወይስ ሙፍቲ? ቀባ!»

ጀቢር ልጆች ነበሩት። ቀባው።

ክረምቱ ሲገባ የአው ሺሃብ ነጭ ግድግዳ ቢጫ እንባ ማውጣት ጀመረ። ከዚያ አበጠ፤ ከዚያ ተላጠ። ጀቢር ሰምቶ ሄደ። ሽማግሌው የወደቀውን ኖራ በእጃቸው እየጠረጉ አገኛቸው። አጠገባቸው ተንበረከከ።

«እኔ ነኝ የቀባሁት፤ በአንድ ቆርቆሮ ቀለም ሸጥኩዎ። ይክሰሱት! እኔ እመሰክራለሁ፤ እኔን ከሱ ጋር ይክሰሱ!»

«በምን ልክሰሰው? በገዛ ቤቱ ቀለም ስለቀባ?» መጥረጋቸውን አላቆሙም። «ምንጩ ተዘግቷል አይደል? የቀረው አሮጌው ውሃ ነው። የኔው የውዱእ ውሃ ነው ጀቢር። በኔ በኩል ይውጣ።»

ጀቢር ምርር አለው። «ታዲያ ምን አተረፉ? መሬቱ ሄደ። ሠርጉ ቀረ። ልጅዎ ኩርፊያ ላይ ናት። እሱ እዚያ በሚያብረቀርቅ ቤት ተኝቷል፤ እርስዎ እዚህ ፍርፋሪ ይለቅማሉ። ምን አተረፉ?»

አው ሺሃብ ቀና አሉ። መዳፋቸውን እርጥቡ ግድግዳ ላይ አሳረፉ፤ ጀቢር በመጀመሪያው ቀን እንዳደረገው። እንዲህም አሉ፦

«እኔ የምተኛው ከግድግዳው በዚህ በኩል ነው። የሚያየኝ ግን በሁለቱም በኩል አለ።»

ታሪኩ ይኸው ነው። ዑመርዲን አልተጸጸተም። ከምስክሮቹ አንዱ መጥቶ እግራቸው ላይ አልወደቀም። ግድግዳው በሦስተኛው ክረምት ደረቀ ይባላል፤ አው ሺሃብ ሁለተኛውን ነው ያዩት፤ አላህ ይዘንላቸው።

ስለ ጎረቤት ሐቅ፣ ስለ መብቱ፣ በየዓርቡ ስብከት በኹጥባው እንሰማለን። ስንሰማ የምናስበው ደግ ጎረቤት ነው፤ ሳህን ስንልክለት ሳህን የሚመልሰውን። እሱን መውደድማ ንግድ ነው። የአው ሺሃብ ፈተና ከዚህ ሌላ ነበር፦ ማንም ሳያይ፣ ማንም ሳይጠይቅ፣ በገዛ ቤትህ፣ በገዛ ገንዘብህ፣ በምትጠላው ሰው ላይ ውሃ ማዞር ስትችል አለማዞር። ከዚያ ደግሞ ውሃው ወዳንተ ሲዞር «የኔው ነው» ማለት። ሰብር፣ ትዕግሥት፣ የምንለውን ቃል በአፋችን እናቀልለዋለን፤ ክብደቱ ግን ያንን የረገፈ ኖራ በእጅ የመጥረግ ያህል ነው። የአላህ ዋጋ በዚህ ከተማ ገበያ ስለማይመነዘር፣ ያልተከፈለ ይመስለናል።

እና እናንተ፣ ለበዓል ወይ ለሠርግ ቤት ልታስቀቡ ያሰባችሁ። ለኩ፤ በርና መስኮቱን ቀንሱ። አራት ቋጠሮ ቋጥሩ፤ አራተኛዋን ከአው ሺሃብ ቋጠሮ ተለቅ አድርጓት። ገንዘቡን ከመፍታታችሁ በፊት ግን የቤታችሁን ሰው ሁሉ፣ ትንሿን ልጅ ሳይቀር፣ አስቀምጣችሁ አማክሩ። ከዚያ መዳፋችሁን በየግድግዳው ላይ አሳርፉ። እርጥበት ከቀዘቀዛችሁ ቀለሙን አቆዩትና ወጥታችሁ የወዲያኛውን በር አንኳኩ። የምትወዱትም ሰው ይሁን የምትጠሉት፣ «አሰላሙ ዐለይኩም፤ ግድግዳው በእናንተ በኩል እንዴት ነው?» በሉ። ሙሉ ሰላምታ ባይመልስላችሁም፣ ዛሬውኑ ሂዱና አንኳኩ።